ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስና የታላቁ መድፍ ጉዞ

ጉልበት ብቻውን ሥራ አይሠራም። ጉልበት ሥራ የሚሠራው ወዴት እንደሚስብ ታውቆ በአንድ መንገድ ሲመራ ነው። ይህን ነገር የዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ ሕይወት ገልጦ ያስረዳናል። ከሥራቸውም ታላቁ በጋይንት ምድር ላይ ያለፈ ስለ ሆነ፥ የጋይንት፥ የስማዳና የእስቴ ልጆች ታሪኩን ሊያውቁት ይገባል።

ዐፄ ቴዎድሮስ ከመንገሣቸው በፊት ስማቸው ካሣ ነበረ። ካሣ በ1811 ዓ.ም ገደማ በቋራ ተወለደ። አባቱ ደጃዝማች ኃይሉ፥ እናቱም ወይዘሮ አትጠገብ ይባሉ ነበር። አባቱ በልጅነቱ ስለ ሞተ እናቱ በችግር አሳደገችው። ትምህርት እንዲማር ወደ ገዳም ገባ፤ ነገር ግን ጦረኞች መጥተው ገዳሙን በዘረፉት ጊዜ አምልጦ ወደ ዘመዶቹ ሄደ።

በዚያን ዘመን አገራችን በመሳፍንት ተከፋፍላ ነበር። በጎንደር ንጉሥ ይቀመጥ ነበር፥ ሥልጣን ግን አልነበረውም። አንዱ መስፍን ወደ ምሥራቅ ሲስብ ሌላው ወደ ምዕራብ ይስብ ነበር። ስለዚህ አገሪቱ ብዙ ጉልበት ሳላት ወደ ፊት ፈቀቅ አትልም ነበር። ካሣ ይህን እያየ አደገ።

ካሣ ጐልማሳ በሆነ ጊዜ በቋራ በረሃ ሸፈተ፤ ደፋርና ብልህ ስለ ነበረም ብዙ ሰው ተከተለው። በ1840 ዓ.ም በሱዳን በኩል ደባርቂ በሚባል ስፍራ ከግብፅ ሠራዊት ጋር ተዋጋ። ወታደሮቹ በቍጥር ብዙዎች፥ በልብም ጀግኖች ነበሩ፤ ይሁን እንጂ ግብፆች በመድፍና በሥርዓት ተዋግተው ድል አደረጉት። ካሣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የመድፍን ነገር ከልቡ አላወጣውም። ሠራዊት በሥርዓት ካልተሰለፈ ብዛቱ ብቻ እንደማያድነውም ተረዳ።

ከዚህ በኋላ መሳፍንቱን አንድ በአንድ አሸነፈ። በ1845 ዓ.ም በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹን፥ በዚያው ዓመት በአይሻል ራስ ዓሊን ድል ነሣ። በ1847 ዓ.ም በየካቲት ወር በስሜን ደጃዝማች ውቤን አሸንፎ በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ተለያይተው ይስቡ የነበሩት አገሮችም ለጊዜው በአንድ ገመድ ተያዙ።

ዐፄ ቴዎድሮስ ከነገሡ በኋላ መንገድ ለማሠራትና መድፍ በአገራቸው እንዲሠራ ለማድረግ ተጉ። በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት በምትባል መንደር የእጅ ጥበብ የሚያውቁ የአውሮፓ ሰዎችን አስቀመጡ። ከእነዚህ ብዙዎቹ፥ ዋልድማየር የሚባለውም ጭምር፥ በስዊስ አገር በባዝል ከተማ አጠገብ ካለው ከክሪሾና ሚስዮን የተላኩ ነበሩ። የመጡት ወንጌልን ለማስተማርና የእጅ ሥራን ለማሳየት እንጂ መድፍ ለመሥራት አልነበረም፤ ነገር ግን ንጉሡ አዘዟቸው። ከብዙ ድካምና ከብዙ ሙከራም በኋላ ከአገሩ ሠራተኞች ጋር ሆነው ነሐስ እያቀለጡ መድፎችን ሠሩ። በ1859 ዓ.ም ከሁሉ የሚበልጠው መድፍ ተሠራ። ስሙም ሴባስቶፖል ተባለ፤ ይህም ታላቅ ጦርነት የተደረገባት የሩስያ መንግሥት ከተማ ስም ነበረ። ክብደቱ ወደ 70 ኵንታል ይሆናል፤ ይህም 7,000 ኪሎ ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ጠብ ተነሥቶ ነበር። ንጉሡ በ1855 ዓ.ም ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ልከው መልስ ስላላገኙ ተቈጡ፤ የእንግሊዙን ቆንሲልና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። እስረኞቹ በመቅደላ አምባ ነበሩ። እንግሊዞችም እስረኞቻቸውን ለማስለቀቅ በጀኔራል ናፒየር የሚመራ ጦር በመርከብ ወደ ዙላ ላኩ። ስለዚህ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም በመስከረም ወር መጨረሻ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፥ ሴባስቶፖልንና ሌሎቹን መድፎች ይዘው፥ በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ተነሡ።

ልጆች ሆይ፥ ከዚህ ላይ ጥቂት ቆመን እናስብ። 7,000 ኪሎ የሚከብድ ነገር እንዴት ከስፍራው ይነሣል? መድፉ በሠረገላ ላይ ተጫነ፤ በሠረገላውም ላይ ብዙ የጠፍር ገመድ ታሰረ። ወደ 500 የሚሆኑ ሰዎችም ገመዱን ይዘው ይስቡት ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጥ ነው እንደሚባለው፥ ሸክሙ ለሁሉ ተካፈለ። ነገር ግን ሎሚን መካፈልና ገመድን መሳብ አንድ አይደሉም። ሎሚውን የያዘ ሰው ወደ ወደደበት ቢሄድ ጉዳት የለውም፤ ገመዱን የያዘ ሰው ግን ወዴት እንደሚስብ ማወቅ አለበት።

ማናቸውም ጉልበት ሁለት ነገር አለው። አንደኛው ብዛቱ ነው፤ ሁለተኛው የሚስብበት አቅጣጫ ነው። ስለዚህ ሊቃውንት ጉልበትን በፍላጻ ይሥሉታል። የፍላጻው ርዝመት የጉልበቱን ብዛት፥ የፍላጻው ጫፍ አቅጣጫውን ያሳያል። በአንድ ነገር ላይ ብዙ ጉልበቶች ሲሠሩ፥ የሁሉን ሥራ ብቻውን ሊሠራ የሚችል አንድ ጉልበት ይገኛል። እርሱም ድምር ጉልበት ይባላል።

ሁለት ሰዎች አንድ ግንድ ይስቡ እንበል፤ የአንዱ ጉልበት 3 ኪሎ፥ የሁለተኛው 4 ኪሎ ያህል ይሁን። ሁለቱም ወደ ምሥራቅ ቢስቡ ድምሩ 7 ነው። አንዱ ወደ ምሥራቅ ሌላው ወደ ምዕራብ ቢስቡ ድምሩ 1 ብቻ ነው፤ ግንዱም ወደ ብርቱው ይሄዳል። 3 ያለው ወደ ምሥራቅ፥ 4 ያለው ወደ ሰሜን ቢስቡስ? መልሱን ለማግኘት በአሸዋ ላይ እንሣለው። ስለ እያንዳንዱ ኪሎ አንድ ጣት እንለካ። መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ 3 ጣት የሚረዝም ፍላጻ እንሥላለን። ከዚያ ፍላጻ ጫፍ ተነሥተን ወደ ሰሜን 4 ጣት የሚረዝም ሌላ ፍላጻ እንሥላለን። በመጨረሻ ከመጀመሪያው መነሻ እስከ ኋለኛው ጫፍ ቀጥ ያለ መሥመር እንስባለን። ያ መሥመር ቢለካ 5 ጣት ይሆናል። እንግዲህ ድምሩ 5 ነው፤ ግንዱም በምሥራቅና በሰሜን መካከል፥ ወደ ሰሜን አዘንብሎ ይሄዳል። 3 እና 4 ሁልጊዜ 7 እንደማይሆኑ ከዚህ እንረዳለን፤ በጉልበት ነገር አቅጣጫው ካልታወቀ ድምሩ አይታወቅምና።

ሁለቱ ሰዎች እኩል ጉልበት ኖሯቸው ፊት ለፊት እየተያዩ ወደ ኋላቸው ቢስቡ ድምሩ ምንም ነው። ግንዱ ቆሞ ሳለ ከሆነ እንደ ቆመ ይቀራል። ሰዎቹ ላባቸው እስኪንጠፈጠፍ ቢደክሙም ግንዱ አንዲት ጣት አይንቀሳቀስም። እንግሊዛዊው ሊቅ ይስሐቅ ኒውተን በ1679 ዓ.ም ባሳተመው መጽሐፍ የእንቅስቃሴን ሕግ ሲጽፍ ይህን ገልጧል፤ ድምር ጉልበት የሌለበት ነገር የቆመ እንደ ሆነ ይቆማል፥ የሚሄድም እንደ ሆነ በዚያው ፍጥነት ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

አሁን ወደ ሴባስቶፖል እንመለስ። ሠረገላው በሜዳ ላይ ቆሞ ሳለ ሁለት ጉልበቶች አሉበት። የመሬት ስበት ወደ ታች ይስበዋል፤ መሬቱም ከታች ሆኖ ወደ ላይ ይደግፈዋል። ሁለቱ እኩል ስለ ሆኑ ሠረገላው አይሰምጥም፥ አይነሣምም። ሰዎቹ ገመዱን ሲስቡ ሌሎች ሁለት ፍላጻዎች ይጨመራሉ። አንዱ ወደ ፊት የሚስበው የገመዱ ጉልበት ነው። ሁለተኛው መንኰራኵሩ ከመሬቱና ከወስከምቱ ጋር ሲፋተግ ወደ ኋላ የሚይዘው ጉልበት ነው፤ ይህም ሰበቃ ይባላል። ሠረገላውን ከቆመበት ለማስነሣት የገመዱ ፍላጻ ከሰበቃው ፍላጻ መብለጥ አለበት። ጭቃ በሆነ ጊዜ ወደ ኋላ የሚይዘው ፍላጻ ይረዝማል። ድንጋዩ ተጠርጎ መንገዱ ሲስተካከል ያጥራል። ስለዚህ ከመሳብ በፊት መንገድ መጥረግ ታላቅ ብልሃት ነው፤ የሰዎቹን ጉልበት ሳይጨምሩ ድምሩን ማብዛት ነውና። ዐፄ ቴዎድሮስ ይህን ያውቁ ነበር። መንገዱ ሲሠራ ንጉሥ ነኝ ብለው አልተቀመጡም፤ በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ ከሠራተኛው ጋር ይሠሩ ነበር።

የጋይንት ምድር ግን ሜዳ ብቻ አይደለም። ከደብረ ታቦር ወደ ጨጨሆ፥ ከዚያም አልፎ ወደ ቤተ ሖር የሄደ ሰው ዳገቱንና ቁልቁለቱን ያውቀዋል። በዳገት ላይ ሌላ ነገር ይመጣል። የመሬት ስበት ሁልጊዜ በቀጥታ ወደ ታች ነው፤ መንገዱ ግን ጋደል ያለ ነው። ስለዚህ የክብደቱ ፍላጻ በሁለት ይከፈላል። አንዱ ክፍል ሠረገላውን በመንገዱ ላይ ይጫነዋል፤ ሁለተኛው ክፍል መንገዱን ይዞ ወደ ኋላ ቁልቁል ይስበዋል። መንገዱ 10 ክንድ ሲሄድ 1 ክንድ ከፍ የሚል ከሆነ፥ ወደ ኋላ የሚስበው ከክብደቱ አንድ ዐሥረኛ ነው፤ ይህም ለመድፉ 700 ኪሎ ይሆናል። መንገዱ 5 ክንድ ሲሄድ 1 ክንድ ከፍ የሚል ከሆነ አንድ አምስተኛ፥ ማለት 1,400 ኪሎ ይሆናል። የሠረገላው ክብደትና ሰበቃው ደግሞ በዚያ ላይ ይጨመራሉ። ዳገቱ በቆመ መጠን ድካሙ ይበዛል ማለት ነው። በገደል ላይ መንገድ ሲወጣ ቀጥ ብሎ እንዳይቆም እየተጠማዘዘ የሚሠራው ስለዚህ ነው። መንገዱ ይረዝማል፥ ነገር ግን ወደ ኋላ የሚስበው ፍላጻ ያጥራል።

ገመድ የያዙትም ሰዎች ሥርዓት ያስፈልጋቸው ነበር። ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው 10 ኪሎ ያህል ጉልበት ኖሯቸው ጐን ለጐን ሆነው ወደ ፊት ቢስቡ ድምሩ 20 ነው። ተራርቀው አንዱ ወደ ምሥራቅ አንዱ ወደ ሰሜን ቢስቡ ግን ድምሩ ወደ 14 ይወርዳል፤ የቀረው በከንቱ ይጠፋል። የ500 ሰው ጉልበት እንዲህ ቢበታተን የሚጠፋው እጅግ ብዙ ነው። እንዲሁም አንዱ ዛሬ ሌላው ነገ ቢስብ አይሆንም፤ ሁሉ በአንድ ድምፅ፥ በአንድ ጊዜ፥ በአንድ አቅጣጫ መሳብ አለበት። ቁልቁለት ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በዚያን ጊዜ የመሬት ስበት ራሱ ሠረገላውን ወደ ፊት ይነዳዋልና፥ ሰዎቹ ወደ ኋላ ሆነው ገመዱን መያዝ አለባቸው። በቁልቁለት ላይ መልካም ጉልበት የሚባለው የሚያስቆመው ነው።

ጉዞው እንዲህ ሲሆን ቀኑ ሳምንት፥ ሳምንቱም ወር ሆነ። ከቤተ ሖር በኋላ ታላቁ የጅዳ ገደል መጣ፤ ጥልቀቱ ሺህ ሜትር ገደማ ነው። መንገድ እየቈፈሩ ወረዱ፥ መንገድ እየቈፈሩም ወደ ደላንታ ወጡ። ደግሞም ወደ በሽሎ ወረዱና ወንዙን ተሻገሩ። በመጋቢት ወር 1860 ዓ.ም ሴባስቶፖል መቅደላ አጠገብ ካለው ሰላምጌ ደረሰ። ጉዞው ወደ ስድስት ወር ፈጅቶ ነበር። የሠሩትም መንገድ እጅግ የተመሰገነ ነበርና፥ ኋላ የመጣው የእንግሊዝ ጦር በጅዳና በበሽሎ ገደል ያለፈው በዚያው መንገድ ነበረ። የሰው ጉልበት በአንድ አቅጣጫ ሲሰበሰብ ተራራ እንደማያቆመው ይህ ምስክር ነው።

ነገር ግን የገመዱን ፍላጻዎች ያስተካከሉ ንጉሥ የአገሩን ፍላጻዎች ማስተካከል አልቻሉም ነበር። በመንግሥታቸው መጀመሪያ ሕዝቡ ወድዷቸው ነበር፤ ዓመፅ በበዛ ጊዜ ግን ቅጣታቸው ከልክ አለፈ። በ1859 ዓ.ም የጎንደርን ከተማ ከነአብያተ ክርስቲያናቱ ዘረፉ፥ አቃጠሉም። የበጌምድር ገበሬ እህሉና ከብቱ ለሠራዊቱ ስለ ተዘረፈ ልቡ ከእርሳቸው ራቀ። በዚያን ጊዜ በላስታ ዋግሹም ጎበዜ፥ በሸዋ ምኒልክ፥ በትግሬ ካሣ፥ በጎጃም ተድላ ጓሉ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ቆመው ነበር። ከባሕር በኩልም የእንግሊዝ ጦር ይገሠግሥ ነበር። ይህን ሁሉ በሰሌዳ ላይ በፍላጻ ብንሥለው፥ ወደ ፊት የሚስበው ፍላጻ አንድ ሆኖ፥ የሚቃወሙት ከአራቱ ማዕዘን ተነሥተው እናገኛቸዋለን። ሠራዊታቸውም ቀድሞ እጅግ ብዙ ሳለ፥ በመጨረሻ የቀሩት ጥቂት ሺህ ሰዎች ብቻ ነበሩ።

በሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም፥ በስቅለት ዓርብ፥ በመቅደላ ሥር በአሮጌ ሜዳ ጦርነት ሆነ። መድፎቹ ከላይ ከአምባው ቢተኰሱም ብዙ ጉዳት አላደረጉም፤ ያን ሁሉ ላብ የፈጀው ሴባስቶፖልም የታሰበለትን ሥራ አልሠራም። ከንጉሡ ወታደሮች ወደ 700 የሚሆኑ ሞቱ። ዐፄ ቴዎድሮስ እስረኞቹን ለቀቁ፤ ራሳቸውን ግን ለጠላት አሳልፈው መስጠትን አልወደዱም። በሚያዝያ 6 ቀን፥ በፋሲካ ማግስት፥ እንግሊዞች ወደ አምባው ሲገቡ በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ።

ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ በመቅደላ አለ። ምስሉም በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ያየው ሰው ሁሉ የንጉሡን ታላቅ ልብ ያስባል፤ ገመዱን የሳቡትን ስማቸው ያልተጻፈውን ሰዎች ግን የሚያስብ ጥቂት ነው። እነርሱ ባይኖሩ መድፉ ከጋፋት አይነሣም ነበር።

የዐፄ ቴዎድሮስ አሳብ ትልቅ ነበረ፤ ኢትዮጵያን አንድ ለማድረግና ጥበብን በአገሯ ለማስተማር ተመኙ። ስለዚህ ስማቸው በክብር ይጠራል። ይሁን እንጂ የሰው ልብ እንደ ሠረገላ በጠፍር ታስሮ አይሳብም። ሠረገላን ለመሳብ ገመድ ይበቃል፤ ሰውን ወደ አንድ አቅጣጫ ለማምጣት ግን ፍርድና ርኅራኄ ያስፈልጋል። ጭካኔ በሰው ልብ ላይ እንደ ሰበቃ ነው፤ ወደ ኋላ የሚይዘውን ፍላጻ ያስረዝማል።

እንግዲህ አንተ ተማሪ፥ በቤትህና በትምህርት ቤትህ ይህን ተመልከት። በአንድ ቀንበር የተጠመዱ ሁለት በሬዎች አንዱ ወደ ቀኝ አንዱ ወደ ግራ ቢስቡ እርሻው አይታረስም። ሁለት ወንድማማቾችም ቢጣሉ የቤታቸው ሥራ እንዲሁ ይቆማል፤ ጉልበታቸው አላነሰም፥ ድምሩ ግን ምንም ሆኗል። ከባልንጀሮችህ ጋር ሥራ ስትጀምር አስቀድመህ ወዴት እንደምትስቡ ተስማሙ። ከዚያም መንገዱን ጥረጉ። ገመዱን የምትይዙት ከዚህ በኋላ ይሁን።